ጭልፊቷን እለቃታለሁ ያለውን ሰውዬ አላመንኩትም ነበር

በእኛ ጊዜ ጭልፊት ማለት ሌባ ማለት ነበር። እኔ የተወለድኩት ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ነው፣ እዚያ ታዲያ ጭልፊት በሰማይ ብቅ ካለች መንደሩ በሙሉ ይጮሃል፣ ሴቱ ቆርቆሮ ይመታል፣ ወንዱ ድንጋይ ያነሳል፣ ዶሮዋ ጫጩቶቿን ክንፏ ሥር ትሰበስባለች፣ እና ጭልፊቷ የሰው ጩኸት ምኗ ነው፣ አንዱን ነጥቃ ትሄዳለች። ታዲያ ለዚያ መንደር ሰው "ላምቦሬ ጆሃንስበርግ ሄዶ ለጭልፊት ጫጩት እየቆረጠ ያጎርሳል" ብትዪው ምን የሚል ይመስልሻል? "አበደ" ነው የሚለው! ሳቂ፣ ሳቂ ማርታ፣ ግን የሽማግሌ ታሪክ ልጽፍ ብለሽ ነው የመጣሽው፣ ጻፊው። እንዳልኩት ጻፊው እንጂ እንዳታሳምሪው።

ዛንድስፕሩት፣ ያ የድሃ ሰፈር ውስጥ፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ እንደነበረኝ እዚህ የተቀመጣችሁ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አሥራ አንድ ዓመት እዚያች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቆሜ ቆሜ ጉልበቴ አለቀ፣ እና ሱቁን ለሚስቴ ወንድም ትቼ እዚህ ትሮይቪል ገባሁ። ታዲያ ተሾመ፣ ያ እዚህ አጠገብ ጀፕስታውን ሰፈር ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጠው፣ "ጋሽ ላምቦሬ፣ መጋዘኔን ይጠብቁልኝ፣ ሥራው ወንበር ላይ መቀመጥ ነው" አለኝ። እኔም ተቀመጥኩ። መጋዘኑ አራት ፎቅ ያረጀ ሕንፃ ነው፣ የላይኛው ፎቅ መስኮት መስታወት የለውም፣ እና እርግብ ሞልቶበታል። እርግብ ስላችሁ ሁለትና ሦስት እንዳይመስላችሁ። ብርድ ልብሱ ላይ ኩሳቸውን ይጥላሉ፣ ደንበኛ ይመጣና ገልጦ ያያል፣ "ኤይሽ!" ብሎ ይሄዳል። ተሾመ መረብ አደረገ፣ ቀደዱት። የፕላስቲክ ጉጉት ገዝቶ አቆመ፣ ጉጉቱ ራስ ላይ ተቀመጡ!

በመጨረሻ ተሾመ እርግብ የሚያባርር ሰው ቀጠረ፣ አንድ ቀን ጠዋት ባኪ፣ ያው ፒክአፕ መኪና፣ በር ላይ ቆመ፣ እና አንድ ሽማግሌ ነጭ ወረደ፣ በዚያ ብርድ ቁምጣ ለብሷል፣ አንድ እጁ ላይ የቆዳ ጓንት፣ ጓንቱ ላይ ወፍ። ጥቁር፣ ደረቷ ነጭ፣ እግሯ ቢጫ፣ እግሮቿ ላይ አጫጭር የቆዳ ጠፍር ታስሯል፣ ዓይኗ ላይ የቆዳ ቆብ ደፍቶባታል። ሰውዬው ኩስ ይባላል፣ አትሳቁ፣ በነሱ ስም ነው። ሰው ሁሉ ኡም ኩስ ነው የሚለው፣ ኡም ማለት እኛ ጋሼ እንደምንለው ነው።

እኔ ወዲያው ጠረጠርኩ። ይሄ ሰውዬ መጋዘን ሊሰልል ነው የመጣው አልኩ። ወፏ ሰበብ ናት። ታዲያ በዚህ ጉልበቴ አራት ፎቅ ከኋላው ተከትዬው ወጣሁ፣ እያነከስኩ።

"ዓይኗን ለምን ሸፈንካት?" አልኩት።

"እንዳትደነግጥ" አለኝ።

እኔ ደግሞ በልቤ፣ የምትሄድበትን እንዳታውቅ ነው እንጂ አልኩ።

እና ቆቡን አነሳ። ዓይኗ ቀይ ነው፣ ደም የመሰለ። አየችኝ፣ እኔ ወደ ኋላ አልኩ፣ ከዚያ እጁን ብቻ ትንሽ ከፍ አደረገ፣ በቃ፣ የለችም! በምሰሶው መሀል ተወረወረች፣ እርግቡ ሁሉ እንደ አንድ ሆኖ ተነስቶ በመስኮቱ ወጣ፣ አቧራው፣ ላባው፣ እኔ ራሴን በእጄ ይዤ ቁጭ አልኩ። አንዷን ብቻ ነው የያዘችው። ሌላው በፍርሃት ነው የሄደው። ከዚያ ኩስ ቁራጭ ሥጋ ይዞ አፏጨ፣ እና እሷ፣ ክንፍ ያላት፣ ሰማዩ ክፍት የሆነላት፣ ተመልሳ እጁ ላይ ተቀመጠች። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ለምን ተመለሰች?

ምክንያቱን በኋላ አየሁት። ሚዛን አለው። ባለ ሰዓት የወጥ ቤት ሚዛን፣ ሳህኑን አንስቶ እንጨት አጋድሞበታል፣ ከማብረሩ በፊት ሁልጊዜ እዚያ ላይ ያቆማታል። ስምንት መቶ ሃያ ግራም ከሆነች ያበራታል። ከዚያ ከበለጠች "ዛሬ አይሆንም፣ ጠግባለች" ብሎ ይመልሳታል። ገባችሁ? የጠገበች ወፍ አትመለስም። እንግዲህ በራብ ነው የያዛት ማለት ነው! እንዲህ ስል ነገርኩት ደግሞ።

"በራብ አይደለም" አለ ኩስ፣ "የምግብ ፍላጎት ብቻ ነው። አንተ ጠግበህ ሥራ ትወዳለህ?"

"ስሟ ማን ነው?" አልኩት።

"ስም የላትም።"

"ስንት ጊዜ አብራህ ናት?"

"ይሄ ሦስተኛ ብርዷ ነው።"

ሦስት ዓመት ስም የለም! እናንተ ፍረዱ። ሰው ስም የማያወጣለት ለምኑ ነው? ለሚሸጠው ነገር ነው። እኔ እዚያው እቴቴ አልኳት። ሳልፍም ሳገድምም፣ "እቴቴ እንዴት አደርሽ?" እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ ዝም ብላ ታየኛለች፣ ኩራቷ!

እንዲህ እያልን ሁለት ብርድ አለፈ። በሳምንት ሁለቴ ይመጣል፣ እርግቡ ከአካባቢው ጠፋ፣ ተሾመ ደስ አለው። ታዲያ አንድ ቀን ኩስ፣ "ብርዱ ሲያልቅ ይህችን እለቃታለሁ፣ ለከርሞ ወጣት ይዤ እመጣለሁ" አለ።

ተሾመ ጮኸ። "እንዴት ትለቃታለህ? ሕንፃውን ለምዳለች! የለመደን ትቶ አዲስ የሚያመጣ ማን ነው?"

ኩስ ተረጋግቶ፣ "እኔ ወጣቶቹን ነው ከጫካ የምይዘው" አለ፣ "አብዛኛዎቹ የመጀመሪያ ብርዳቸውን አያልፉም፣ ማደን ሳይችሉ ይራባሉ። ያንን ጊዜ አሳልፋታለሁ፣ እሷ ጥቂት ዓመት ታድንልኛለች፣ ከዚያ ሄዳ ትውለድ። አንዳንድ ጓደኞቼ አሥራ አምስት ዓመት ያኖራሉ፣ የተግባባሃት ወፍ ለምን ትሄዳለች ይላሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። እኔ ግን እለቃለሁ።"

ተሾመ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ሰው ጤነኛ ነው?" አለ፣ ቀጥሎም እየሳቀ፣ "ግን እውነቱን ነው፣ በሩ ላይም ወጣት ሳያስፈልገን አይቀርም" አለኝ። ቀልዱን ነው። ቀልዱን ነው ግን ሆዴ ባባ። ያገለገለ ሁሉ እንዲህ ነው እንግዲህ የሚሸኘው አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእቴቴ ነገር የእኔ ነገር ሆነ፣ አልዋሽሽም ማርታ።

እና ደግሞ አላመንኩትም። ሠርታ የምታበላውን በነፃ የሚለቅ ማነው? ጆሮዬን ጣል አድርጌ መጠባበቅ ጀመርኩ። በሳምንቱ አንድ ሸሚዙን የተኮሰ ሰው ከኩስ ጋር መጣ፣ እቴቴን አገላብጦ አየ፣ ክንፏን ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ ወረቀት ላይ ጻፈ። በአፍሪካንስ ነው የሚያወሩት፣ አንድ ቃል አልገባኝም። አሃ! ገዢው መጣ አልኩ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ዕቃ የሚያይ ሰው ዓይን አይጠፋኝም።

ከዚያ ኩስ መጣና፣ "ላምቦሬ፣ ባለቤቴ ሆስፒታል ገባች፣ ፕሪቶሪያ ነው፣ ለአምስት ቀን ወፏን እዚህ ላይኛው ፎቅ ያለው ዝግ ክፍል ውስጥ ልተዋት፣ አንተ ታበላታለህ?" አለኝ። የየቀኑን ሥጋ በትንንሽ ከረጢት ለክቶ ቋጥሮታል። ቁልፉን ሰጠኝ። ሚዛኑንም ተወው።

እኔ ምን አልኩ? ባለቤቴ ታማለች? ውሸት! ዋጋ ሊነጋገር ነው የሄደው አልኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ የሰው ሚስት ታማ እኔ ሰበብ ናት አልኩ።

ታዲያ ዘዴ አሰብኩ። የጠገበች ወፍ አትመለስም አላለም? እኔ አጠግባታለሁ! እሷ ራሷ ትሄዳለች፣ እሱም የሚሸጠው ያጣል። ጫጩት ገዛሁ፣ የዶሮ ጉበት ገዛሁ፣ ጠዋት ማታ "ብዪ እቴቴ፣ ብዪ የኔ እመቤት" እያልኩ አበላኋት። ጉሮሮዋ እንዲህ እስኪነፋ። ግን ሚዛኑስ? ሲመለስ ይመዝናታል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጥፋቴ። እኔ ሆሳዕና ገበያ በርበሬ ስመዝን ያደግሁ ሰው ነኝ፣ የዚያ ሚዛን ከሥሩ ብሎን እንዳለው አውቃለሁ። ብሎኗን ወደ ኋላ አዞርኳት፣ በቃ፣ ሰማንያ ግራም ዋጠች። በሕይወቴ የድሃ ስኳር አጉድዬ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ወጣቶችን ስለ ሚዛን የመከርኩ ሽማግሌ! ለወፍ ብዬ አታለልኩ።

ኩስ በስድስተኛው ቀን መጣ፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ጢሙን አልተላጨም። እቴቴን ሚዛኑ ላይ አቆማት። ስምንት መቶ ሃያ። ደረቷን በጣቱ ዳሰሰ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ እንደገና ዳሰሰ። ከዚያ ሚዛኑን አየና፣ "እጄ ደክሟል መሰለኝ" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እና አበረራት።

በመስኮቱ ወጣች፣ ማዶ ካለው ሕንፃ ጣራ ላይ ተቀመጠች። አፏጨ። ላባዋን ታበጥራለች። ሥጋ አሳያት። ፊቷን አዞረች። እኔ በሆዴ "ሂጂ! ሂጂ እቴቴ!" እያልኩ ነው። ተነሳች፣ በሕንፃዎቹ መሀል ሄደች፣ ጠፋች። ደስ አለኝ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ዞር ብዬ ኩስን ሳየው ግን ፊቱ አመድ መስሏል።

"ጠፍሩ" አለ። "እግሯ ላይ ጠፍሩ አለ።"

"ታዲያ ምን ይሆናል?" አልኩ።

"ሽቦ ላይ፣ ቅርንጫፍ ላይ ይጠመጠማል። ዘቅዝቃ ተንጠልጥላ ትሞታለች። ቅዳሜ ልቆርጠው ነበር። ያ ባለፈው አብሮኝ የመጣው ሰውዬ ከመንግሥት ፈቃድ የሚሰጠው ነው፣ እግሯ ላይ የመለያ ቀለበት ሊያስርላት፣ ቅዳሜ ማጋሊስበርግ ተራራ ወስደን ልንለቃት ነበር።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ! ያ ገዢ ያልኩት ሰውዬ! ብርድ ልብሱ ክምር ላይ ተቀመጥኩ።

"ኡም ኩስ፣ እኔ ነኝ" አልኩት።

"ምኑ ነው አንተ?"

"ያጠገብኳት እኔ ነኝ። ሚዛኑንም ያዞርኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ልትሸጣት ነው ብዬ።"

"ለማን?" አለኝ።

ለማን! ይህችን ሳላስብ ነው ያን ሁሉ የሠራሁት።

አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ባኪው ውስጥ ግባ" ብቻ አለኝ። እና ቀኑን ሙሉ ጀፕስታውንን ዞርን፣ መንገድ ለመንገድ፣ ጣራ ለጣራ፣ እሱ ያፏጫል፣ እኔ አንገቴን አውጥቼ ሰማይ አያለሁ። መሀል ላይ ስልኩ ጠራ። ሆስፒታሉ ነው። ከዚያ ሚስቱ መስመሩ ላይ መጣች፣ ድምጿ በስልኩ ይሰማኛል፣ ቀጭን፣ የታመመ ሰው ድምፅ። እሱም "ደህና ናት፣ ወፏ ደህና ናት" አላት፣ ከእሷ ጋር በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራው፣ እኔም ገባኝ። እኔን አጠገቡ አስቀምጦ ለሚስቱ ዋሸላት፣ እንዳትጨነቅ። ልጆቼ፣ ያን ሰዓት የተሰማኝን ልነግራችሁ አልችልም። አፈርኩ። በቃ አፈርኩ።

በማግስቱ ጠዋት እዚሁ ትሮይቪል፣ ከኛ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ፣ አንዲት ልብስ የምታሰጣ ሴት አገኘን፣ "ሳውቦና ማማ" ብዬ ሰላም አልኳት፣ ጥቁር ወፍ አይታ እንደሆን ጠየቅኳት። "ሃይቦ!" አለች፣ "እዚያ ዛፍ ላይ ተንጠልጥላለች፣ መተት ነው ብለን ማንም አልቀረባትም!" ሮጥን። እኔም ሮጥኩ፣ በዚህ ጉልበት።

ጃካራንዳው ላይ ነበረች። በአንድ እግሯ ተዘቅዝቃ፣ ክንፏ ተዘርግቶ፣ ቁራዎች ከበዋት ይነክሷታል። በሕይወት አለች። አፏን ከፍታ ትጮሃለች፣ ድምፅ ግን የለውም። ሴትዮዋ መሰላል አመጣች። ኩስ እግሩን ሲጭንበት መሰላሉ ተንቋቋ፣ እሱ ትልቅ ሰውዬ ነው፣ አይችለውም። ስለዚህ እኔ ወጣሁ።

"ፊቷን በጃኬት ሸፍን! ዓይኗን ሸፍን!" ይለኛል ከታች። ሸፈንኳት። ጥፍሯን እዚህ፣ መዳፌ ውስጥ ሰካችው። አልለቀቅኳትም። "አይዞሽ እቴቴ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ቀጣፊው" እያልኩ በሌላው እጄ ጠፍሩን ከቅርንጫፉ ፈታሁ፣ እያለቀስኩ ነው እንግዲህ፣ እና አወረድኳት።

እግሯ አብጧል፣ የክንፏ ትልልቅ ላባዎች ተሰብረዋል። ኩስ ዘርግቶ አየና፣ "በዚህ ክንፍ ብለቃት በሳምንት በራብ ትሞታለች። አዲስ ላባ እስክታወጣ ዓመት ነው" አለ። ተሾመ ሲሰማ፣ "ይኸው! ቀረችልን!" ብሎ አጨበጨበ፣ ቆሽቴ አረረ።

እኔ ከእንግዲህ አጠገቧ አያደርሰኝም ብዬ ነበር። ኩስ ግን በሳምንቱ ደወለና፣ "አንተ ሰበርካት፣ አንተ አድናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ና" አለኝ። ሄድኩ። ዓመት ሙሉ ሄድኩ። መድኃኒት ቀባሁ፣ ክፍሏን ጠረግሁ፣ ሥጋዋን እሱ እያየ ለካሁ። ሚስቱ በሦስተኛው ወር አረፈች። ቀብሩ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ሻይ ጠጥቶ ሄደ፣ እኔ በማግስቱ ተመልሼ ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ አልኩ። "ላምቦሬ፣ ዛሬ ሥራ የለም" አለኝ። "ለሥራ አይደለም የመጣሁት፣ ልቀመጥ ነው" አልኩት። አልገባውም። ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ስለ እሷ ያወራኝ ጀመር፣ እስኪመሽ።

ከዚያ ላባዋ ወጣ። እንዴት ያለ ላባ! ብርዱ እንዳለቀ ማጋሊስበርግ ወሰድናት፣ ኩስና እኔ ብቻ። ቀለበቷ ታስሯል። እቴቴን በአንድ እጄ አቅፌያታለሁ፣ ኩስ መቀሱን አወጣና ለእኔ ሰጠኝ።

"አንተ ቁረጥ" አለኝ።

አንደኛውን ጠፍር ቆረጥኩ። ሁለተኛው ጋ ስደርስ ግን እጄ እምቢ አለ። ማርታ፣ እምቢ አለኝ! ደረቷ ይሞቃል፣ ልቧ ሲመታ ይሰማኛል፣ እና እኔ በልቤ ምን እያልኩ ነው? አንድ ዓመት ብትቆይስ፣ እዚያ ማን ያበላታል፣ ብትሞትስ። አያችሁ? ያን ሁሉ ጊዜ ሰውዬውን አይለቃትም እያልኩ ስጠረጥር፣ ለካ የማልለቃት እኔ ነኝ! ኩስ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ጠበቀኝ። እንዲህ ሲጠብቀኝ ነው የቆረጥኩት።

ሄደች። ዞራ አላየችንም። ዛፎቹ ውስጥ ገባች፣ በቃ።

እንግዲህ እኔን ከጠየቃችሁ ይለቀቅ ነው የምለው። አሥራ አምስት ዓመት በሚያኖረውም ግን አልፈርድበትም፣ እንዴት እንደሚከብድ አይቼዋለሁ። ስንመለስ ታዲያ መኪና ውስጥ ኩስ ምን አለኝ መሰላችሁ? "በሚቀጥለው ወር ወጣት ልይዝ ጫካ እሄዳለሁ፣ አብረኸኝ ና።"

"እርስዎ ምን አሉት ጋሼ?" አለች ማርታ።

ምን እላለሁ? "አስብበታለሁ" አልኩት። ለምን እኔን? ምን ፈልጎ ነው? ሌላ የሚረዳው ሰው አጥቶ ነው? ጉልበቴን እያየ ለጫካ እኔን?

"ጋሼ! አሁንም ጠረጠሩት?"

ጠረጠርኩት እንጂ! ሦስት ቀን አሰብኩበት። ሦስት ቀን! በሦስተኛው ቀን ነው የገባኝ፣ ሰውዬው ቤቱ ማንም የለም፣ ብቻውን መሄድ አልፈለገም፣ በቃ ሌላ ምንም የለውም። ደወልኩና "እሺ፣ እመጣለሁ" አልኩት።

"ሦስት ቀን ብቻ?" አለች ማርታ እየሳቀች፣ "ለእርስዎማ ትልቅ ለውጥ ነው ጋሼ። እኔን እኮ ይህን ወረቀት ለምን እንደምጽፍ ከመጣሁ ጀምሮ አራት ጊዜ ጠይቀውኛል።"